ፖስታ ቤቱን ከመሸጥም ከመዝጋትም በፊት

ጥያቄ፦ «የመንግሥት ፖስታ ቤት በየዓመቱ ይከስራል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል። ዕቃ የሚያደርሱ የግል ድርጅቶች ደግሞ በዝተዋል፤ ፈጣኖችም ናቸው። ታዲያ በየገጠሩ ያሉትን ቅርንጫፎች ይዞ መቀጠል ለምን ያስፈልጋል? ቢሸጥ፣ ወይም የማያተርፈው ክፍል ቢዘጋ የሚጎዳው ማነው? ገበያው ራሱ አይሠራውም ወይ?»

ምላሽ፦

ይህ ጥያቄ በብዙ አገር ፓርላማ ውስጥ በየጊዜው ይነሳል። የእኔ ሙያ የፖስታ አገልግሎት ቁጥጥርና የወጪ ስሌት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ገበያው ከሥራው ከፊሉን በደንብ ይሠራዋል። የቀረውን ደግሞ ዞር ብሎም አያየውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ መሸጥም፣ መዝጋትም፣ መደጎምም በጨለማ መደናበር ነው። በእኔ እምነት ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። አገሪቱ በመጀመሪያ ከፖስታው ምን እንደምትፈልግ በሕግ ትጽፋለች። ቀጥሎ ያ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ታሰላለች። ከዚያ ማን እንደሚከፍል ትወስናለች። ውድድር መክፈት፣ አክሲዮን መሸጥ፣ ቅርንጫፍ ማጠፍ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጡት አገሮች ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከፍለዋል።

ስለ ደብዳቤው አስቀድመን እንግባባ። ደብዳቤው አይመለስም። በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ደብዳቤ በ2001 ከ103 ቢሊዮን በላይ ነበር። በ2024 ወደ 44 ቢሊዮን ወርዷል። ዴንማርክ ደግሞ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። የመንግሥት ፖስታዋ የተመሠረተው በ1624 ነው። በ2000 በዓመት 1.4 ቢሊዮን ገደማ ደብዳቤ ያደርስ ነበር፤ በ2024 የቀረው 110 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በ2025 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የመንግሥቱ ፖስታ፣ ዛሬ ፖስትኖርድ የሚባለው፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ አድርሶ ከዚያ ሥራ ወጣ። ቀያዮቹ የፖስታ ሳጥኖችም ከመንገድ ተነሱ። ድርጅቱ አሁን የሚሠራው ጥቅል ዕቃ ማድረስ ብቻ ነው። ደብዳቤ መላክ የሚፈልግ ሰው ዳኦ የሚባል የግል ድርጅት ጋ ይሄዳል።

ዴንማርክን እያነሱ «እኛም እንዝጋው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ግን ይዘሉታል። በዴንማርክ ከ2014 ጀምሮ የመንግሥት ደብዳቤ ለዜጎች የሚደርሰው በዲጂታል ሳጥን ነው፤ ይህም በሕግ የተደነገገ ነው። ደብዳቤው የቆመው ምትክ ከተዘጋጀለት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ምትኩ በሌለበት አገር ያንኑ ማድረግ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የምርጫ ካርድ፣ የሐኪም ቀጠሮ መንገድ ላይ እንዲቀር መፍረድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ ልግባ። ፖስታ ቤት የሚከስረው ለምንድን ነው?

አብዛኛው ሰው ቅርንጫፍ ስለበዛ ይመስለዋል። ወጪው በዋናነት ያለው ግን ፖስተኛው በር ለበር በሚዞረው መንገድ ላይ ነው። ይህን በደንብ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሮውላንድ ሂል ነው። በ1837 ባወጣው ጽሑፍ አንድን ደብዳቤ ከለንደን እስከ ኤዲንብራ ማጓጓዝ የአንድ ሳንቲማቸውን 36ኛ እጅ ብቻ እንደሚያስወጣ በስሌት አሳየ። ርቀቱ ወጪ አልነበረም። ወጪው መቀበሉ፣ መመዝገቡ፣ መለየቱና በር ድረስ ማድረሱ ነበር። በ1840 ለሩቁም ለቅርቡም አንድ ዋጋ የሆነው ቴምብር የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። ዛሬ መለየቱን ማሽን ይሠራዋል። በር ድረስ የሚሄደው ግን አሁንም ሰው ነው። በአብዛኞቹ ፖስታ ቤቶች ትልቁ የወጪ ክፍል ይኸው የመጨረሻው ጉዞ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሩን የምወስደው ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ነው። አንድ ፖስተኛ 500 በር ያለበትን ሰፈር በየቀኑ ይዞራል እንበል። ድሮ 300 በር ላይ የሚሰጠው ነገር ነበረው። ዛሬ ያለው ለ100 በር ነው። የሚዞረው መንገድ ግን ያው ነው። ደመወዙም፣ ብስክሌቱም፣ ሰዓቱም አልቀነሰም። ስለዚህ የአንድ በር ወጪ ሦስት እጥፍ ሆኗል። አሁን ተወዳዳሪ መጣ እንበል። ከመቶው በር ለሥራ የሚመቹትን 30 ወሰደ፤ ለፖስታው 70 ቀረ። የአንዱ በር ወጪ እንደገና ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። ፖስታ ቤቱ ምንም አላጠፋም። ሠራተኛው አልሰነፈም። ሥራው ሲሳሳ ወጪው ባለበት ይቆማል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የበሩ ቁጥር ራሱ ይጨምራል። አዲስ ሰፈር ይሠራል፣ አዲስ ቤት ይከራያል። የአሜሪካው ፖስታ ከ160 ሚሊዮን በላይ አድራሻ አለው፤ በየዓመቱም ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዲስ አድራሻ ይጨመርበታል። ደብዳቤው ይቀንሳል፣ መንገዱ ይረዝማል።

ተወዳዳሪውም ያጠፋው ነገር የለም። አንድ ዓይነት ዋጋ ማለት ከተማ ውስጥ ያለው ደንበኛ ከወጪው በላይ ከፍሎ የሩቁን ሰው ይደጉማል ማለት ነው። የግል ድርጅት ከተማው ውስጥ ብቻ ከሠራ ያንን ድጎማ አይሸከምም፤ ስለዚህ ቀንሶ መሸጥ ይችላል። ነጋዴ ሆኖ ያንን ዕድል የሚያልፍ ሰው የለም። ችግሩ ያለው ሩቁን ሰው የምንደግፍበትን ገንዘብ በቴምብር ዋጋ ውስጥ ደብቀን መያዛችን ላይ ነው። ውድድር ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈሰው ያ የተደበቀ ገንዘብ ነው።

ድሮ ይህን የሚጠብቀው አጥር ሞኖፖሊ ነበር። ከተወሰነ ክብደት በታች ያለ ደብዳቤ ከመንግሥት ፖስታ በስተቀር ማንም አያደርስም ተብሎ በሕግ ይጻፋል። አጥሩ ግን እንደሚታሰበው ጠንካራ አልነበረም። ፖላንድ ውስጥ ከ50 ግራም በታች ያለው ደብዳቤ ለፖስታ ቤቱ ብቻ የተከለለ ነበር። ኢንፖስት የተባለ የግል ድርጅት ምን አደረገ? በየፖስታው ላይ ትንሽ የብረት ሳህን እየለጠፈ ክብደቱን ከ50 ግራም አስበለጠ። ሕጉን ሳይጥስ ሥራውን ወሰደ። ሞኖፖሊው በ2013 ሲነሳ ብረቱም ቀረ። ያ ድርጅት ዛሬ የሚታወቀው በደብዳቤ ሳይሆን በጥቅል ዕቃ መቀበያ ሳጥኖቹ ነው። ከ20,000 በላይ ሳጥን በፖላንድ ብቻ ተክሏል። ሰው በሚመቸው ሰዓት ሄዶ በስልኩ ከፍቶ ዕቃውን ይወስዳል። አንድ መኪና በአንድ ማቆሚያ የብዙ ሰው ዕቃ ያራግፋል። በር ለበር የመዞርን ወጪ የሚያቃልለው ይህ ነበር። የመንግሥቱ ፖስታ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ስለነበረው ቀድሞ ሊያደርገው ይችል ነበር። አጥሩን ተማምኖ ስለተቀመጠ ተቀደመ። ሞኖፖሊው ይመለስ ለሚሉኝ ሰዎች የምነግራቸው ይህንን ነው።

«ገበያው ራሱ አይሠራውም ወይ?» ላሉት መልሱ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል።

ለጥቅል ዕቃ አዎ፣ ቢያንስ ሰው በብዛት በሚኖርበት ቦታ ይሠራዋል። ውድድሩም ዋጋ ቀንሷል፣ ፍጥነት ጨምሯል። ይህን መካድ አይገባም። ለደብዳቤ ግን የታየው ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ1997 ጀምሮ ገበያውን ደረጃ በደረጃ ከፍቶ አብዛኞቹ አገሮች እስከ 2010 መጨረሻ፣ የቀሩት እስከ 2012 መጨረሻ ሞኖፖሊውን እንዲያነሱ አደረገ። ቀድመው የከፈቱት ምን ገጠማቸው? ጀርመን በ2008 መጀመሪያ ከፈተች። በዚያው ጊዜ ለፖስታ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ተደነገገ። ትልቁ ተወዳዳሪ ፒን ግሩፕ ያንን መክፈል አልችልም ብሎ ብዙም ሳይቆይ ለኪሳራ አመለከተ። የተፎካካሪነቱ ጉልበት ርካሽ ጉልበት እንደነበር ያኔ ታየ። ሆላንድ በ2009 ከፈተች። ሳንድ የተባለው ድርጅት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እያደረሰ ለዓመታት ተወዳደረ። በ2019 በመንግሥት ፈቃድ በዋናው ፖስታ ተጠቀለለ፤ አገሪቱም ወደ አንድ የደብዳቤ መረብ ተመለሰች። በእንግሊዝ ዊስል የተባለ የግል ድርጅት በራሱ ፖስተኞች በር ድረስ ማድረስ ጀምሮ በ2015 ተወው።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። በሚሳሳ ገበያ ላይ ሁለት ፖስተኛ በአንድ መንገድ መሄድ ለሁለቱም አያዋጣም። ውድድር ይኑር ከተባለ መንገዱን ሳይሆን ከመንገዱ በፊት ያለውን ሥራ ይሻሙ። እንግሊዞች ከ2004 ጀምሮ የሄዱበት ዘዴ ይህ ነው። የግል ድርጅት ከባንኩ፣ ከመብራቱ፣ ከቴሌው ደብዳቤ በጅምላ ይሰበስባል፣ ይለያል፤ የመጨረሻውን ጉዞ በተወሰነ ዋጋ ለዋናው ፖስታ ይሰጣል። ከጊዜ በኋላ ከጠቅላላው ደብዳቤ ከግማሽ በላይ የሚመጣው በዚህ መንገድ ሆነ። ተወዳዳሪው ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። እርግጥ ተቆጣጣሪ ዓይኑን መግለጥ አለበት። ዋናው ፖስታ ሮያል ሜይል በ2014 ዊስልን የሚጎዳ የዋጋ ለውጥ አቅርቦ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በ2018 50 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል።

ስለ ቅደም ተከተል የተናገርኩትን ደግሞ ከኒውዚላንድ በላይ የሚያሳይ የለም። ያችን አገር ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

በ1987 መንግሥት ፖስታ ቤቱን ለሦስት ከፈለው፦ ፖስታ፣ ቴሌኮም፣ ባንክ። እያንዳንዱ እንደ ኩባንያ አትራፊ እንዲሆን ታዘዘ። በ1988 የካቲት ውስጥ በአንድ ቀን 432 ቅርንጫፎች ተዘጉ። በ1989 ባንኩ፣ ፖስትባንክ፣ ኤኤንዜድ ለተባለ የግል ባንክ ተሸጠ። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሁሉም ያምር ነበር፤ ፖስታው ወደ ትርፍ ገባ። ከዚያ ሌሎቹ ባንኮች ከትናንሽ ከተሞች ቅርንጫፎቻቸውን ማውጣት ጀመሩ። ፖስታ ቤትም ባንክም ያጡ ከተሞች ተፈጠሩ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ጉዳዩ የምርጫ አጀንዳ ሆነ። በ2002 ኒውዚላንድ ፖስት ኪዊባንክ የሚባል አዲስ ባንክ ከፈተ። የት? በፖስታ ቤቶቹ ውስጥ። በ1989 የሸጡትን ዓይነት ባንክ በ13 ዓመት ውስጥ ከዜሮ ጀምረው ገነቡት።

ይህን ስናገር የኒውዚላንድ ለውጥ ሁሉ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ፖስታው በእርግጥ ዝርክርክ ነበር፤ መስተካከል ነበረበት። የተዘለለው አንድ ጥያቄ ነው። «ይህ መስኮት ሲዘጋ ሰውየው ገንዘቡን የት ያስቀምጣል? ጡረታውን የት ይቀበላል?» ብሎ በጊዜው የጠየቀና ዋጋ ያወጣለት አልነበረም። መስኮቱ የሚሰጠው ጥቅም በፖስታው መዝገብ ላይ ስለማይታይ እንደሌለ ተቆጠረ።

ስለዚህ ግዴታውን፣ ማለትም የማያተርፈውንም ቦታ እንዲያገለግል ፖስታው ላይ በሕግ የሚጣለውን ሸክም፣ እንዴት እናስላ? በሙያው የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ አድካሚ ግን ነው። ፖስታ ቤቱ ምንም ዓይነት ሕጋዊ ግዴታ ባይኖርበት ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። የትኛውን መንገድ ይተዋል? የትኛውን ቅርንጫፍ ይዘጋል? በሳምንት ስንት ቀን ያደርሳል? ያን ጊዜ የሚኖረው ትርፍ ይገመታል። ከዚያ አሁን ካለው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ የግዴታው ዋጋ ነው። ከዚያም ላይ ግዴታው የሚያመጣው ጥቅም፣ ለምሳሌ በየቦታው መታወቁና መታመኑ፣ ይቀነሳል። የአውሮፓ ሕግ የተጠቀመው ይህን ስሌት ነው።

ቁጥሩ ሲወጣ ክርክሩ ይለወጣል። «ፖስታው ይከስራል» ማለት ይቀርና «ለዚህ አገልግሎት ይህን ያህል እንከፍላለን፤ እንቀጥል ወይስ እንቀንስ?» ማለት ይመጣል። ፈረንሳይ በዚህ ረገድ ጥሩ ናት። በሕግ 17,000 የፖስታ አገልግሎት መስጫ ቦታዎች እንዲኖሩ ደንግጋለች። የፖስታ ድርጅቷ የላ ፖስት ሕዝባዊ ተልዕኮዎች አራት ናቸው፦ ለሁሉም የሚዳረስ ፖስታ፣ ጋዜጣ ማድረስ፣ የባንክ አገልግሎት ለሁሉም ማዳረስ፣ በመላ አገሪቱ መገኘት። ለእያንዳንዱ መንግሥት የሚሰጠው ማካካሻ ይታወቃል። ለደብዳቤው ግዴታ ብቻ ከ2021 ጀምሮ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ይከፈላል። ገንዘቡ ብዙ ነው የሚል ሰው በፓርላማ መከራከር ይችላል። ቁጥሩ ግን ጠረጴዛ ላይ ነው።

ኪሳራ የሚባለውንም ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካው ፖስታ ለዓመታት የኪሳራ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። በ2006 የወጣ ሕግ ለወደፊት ጡረተኞች ጤና የሚሆን ገንዘብ ቀድሞ እንዲያስቀምጥ አዝዞት ነበር፤ በዓመት 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ያልተጫነ ሸክም ነው። በእነዚያ ዓመታት ከታየው ኪሳራ አብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። ሕጉ በ2022 ተሻረ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላም ይከስራል፤ ያኛው ግን የደብዳቤው መሳሳት ያመጣው እውነተኛ ኪሳራ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። የእርስዎም ፖስታ ቤት «ይከስራል» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከምን?» የሚለው ነው። ከጡረታ ዕዳ? ከደብዳቤ? ከጥቅል ዕቃ? ወይስ መንግሥት በነፃ ከሚያሠራው ሥራ? የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። መሥሪያ ቤቶች ፖስታውን ያሠሩታል፤ ሒሳቡን ግን ዘግይተው ይከፍላሉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፍሉም።

ወደ ቅርንጫፎቹ ልምጣ። ወጪው በዋናነት መንገድ ላይ ከሆነ ቅርንጫፍ መዝጋት የሚያድነው ገንዘብ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ከሚጠበቀው የበለጠ ነው። ምክንያቱም ቅርንጫፉ ከደብዳቤ ሌላ ሥራ መሥራት የሚችለው የመረቡ ክፍል ነው። የጣሊያኑ ፖስታ ፖስቴ ኢታሊያኔ ወደ 12,800 ቅርንጫፎች አሉት። ገቢው በአብዛኛው የሚመጣው ከቁጠባ፣ ከመድን፣ ከክፍያ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከ15,000 ነዋሪ በታች ባሉ ከተሞች የሚገኙ ወደ 7,000 ቅርንጫፎች የመንግሥት ሰነድ፣ ፓስፖርትን ጨምሮ፣ የሚስተናገድባቸው እንዲሆኑ ፕሮጀክት ተጀምሯል። ሕንድ ወደ 165,000 ፖስታ ቤቶች አሏት፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ገጠር ናቸው። በ2018 የፖስታ ክፍያ ባንክ ስትከፍት በዚያ ሁሉ ቦታ አዲስ ሕንፃ መሥራት አላስፈለጋትም። ፖስተኛው ራሱ መሣሪያ ይዞ ደጅ ድረስ ሄዶ ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል።

ጃፓን ደግሞ ክፍሎቹን መነጣጠል ምን እንደሚያስከትል አይታለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ በ2005 በዚህ ጉዳይ ምክንያት ምክር ቤቱን በትነው ምርጫ እስከ መጥራት ደርሰዋል። በ2007 ፖስታው ተከፋፈለ፤ ማድረሱ ለአንድ ኩባንያ፣ መስኮቱ ለሌላ ኩባንያ ሆነ። በገጠር ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ የቁጠባ ጉዳይ መቀበል ቀረበት፤ ያ የሌላ ኩባንያ ሥራ ነበርና። በ2012 ሁለቱን መልሰው አዋሃዱ።

ቅርንጫፉ የግድ የመንግሥት ሕንፃ ይሁን አልልም። ስዊድን አብዛኛውን የፖስታ አገልግሎት ወደ ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች ያዛወረችው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ የሥራ ሰዓቱም ረዘመ። ለጥቅል ዕቃ ይህ ጥሩ ነው። ለገንዘብና ለሰነድ ግን ወኪሉ መመረጥ፣ መሠልጠን፣ መጠበቅም አለበት። የእንግሊዙ የሆራይዘን ጉዳይ እዚህ ላይ ሊረሳ አይገባም። የተሳሳተ የኮምፒውተር ሒሳብ ታምኖ ከ1999 ጀምሮ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ወኪሎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል። ንጹሓን ሰዎች ታስረዋል፣ ቤታቸውን አጥተዋል። ቅርንጫፍን በወኪል ለማሠራት የሚያስብ አገር ወኪሉ ሒሳቡን በራሱ ማየትና መከራከር የሚችልበትን መብት በውሉ ውስጥ ማስገባት አለበት። ይህ ለእኔ የቴክኒክ ዝርዝር አይደለም። የሰው ሕይወት ነው።

ታዲያ ከምን ይቀነስ? ከቀናት። በእኔ ግምት በትንሹ ጉዳት ብዙ የሚያድነው ይህ ነው፤ ወጪው ያለው ዙሩ ላይ ነውና። በየቀኑ የሚዞረው ፖስተኛ አንድ ቀን እየዘለለ ቢዞር ያው ደብዳቤ በግማሽ ዙር ይደርሳል። አውስትራሊያ ከ2024 ጀምሮ ተራ ደብዳቤን በሥራ ቀናት አንድ ቀን እየዘለለች ታደርሳለች። ጀርመን በአዲሱ ሕጓ ከ2025 ጀምሮ 95 በመቶው ደብዳቤ በሦስተኛው የሥራ ቀን ይድረስ ብላለች፤ ድሮ የሚጠበቀው በማግሥቱ ነበር። እንግሊዝም በ2025 ሐምሌ ሁለተኛ ደረጃ ደብዳቤን ቀን እየዘለለ እንዲደርስ ፈቅዳለች። ሰው ደብዳቤው ሐሙስ ሳይሆን ዓርብ ቢደርሰው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው መቼ እንደሚደርስ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ ቀን ይቀነስ፤ የተባለው ቀን ግን ይከበር። መጥሪያና መድኃኒት ለመሳሰሉት ለብቻ የሚከፈልበት ፈጣን መስመር ይቀመጥ።

ዋጋ እየጨመሩ መዝለቅ ግን አያዛልቅም። የእንግሊዙ አንደኛ ደረጃ ቴምብር በ2013 60 ፔንስ ነበር፤ በ2025 ሚያዝያ 1 ፓውንድ ከ70 ሆነ። ዋጋ በጨመረ ቁጥር ትልልቆቹ ላኪዎች ደንበኞቻቸውን ወደ ኢሜይል ይገፋሉ። እነሱ ደግሞ አንዴ ከወጡ አይመለሱም።

ሽያጭን በተመለከተ አጠር ላድርገው። የግል መሆን በራሱ አያድንም፣ በራሱም አይገድልም። የጀርመኑ ዶይቸ ፖስት በ2000 አክሲዮን ሸጦ ዲኤችኤልን ጠቅልሎ የዓለም ትልቅ ድርጅት ሆኗል። ሮያል ሜይል በ2013 ተሸጧል፤ ቀድሞ በ2011 ሕግ ግዴታው ስለተጻፈ ባለቤት ሲለወጥም ግዴታው አልጠፋም፤ ዘግይቶ ሲያደርስ በተደጋጋሚ ተቀጥቷል። ያን ያህል በቅደም ተከተሉ ሄደዋል። የግዴታውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ግን አልወሰኑም፤ ሸክሙ አሁንም ያለው በቴምብሩ ላይ ነው። ሌላም ያለፋቸው ነገር አለ። የአገሪቱን አድራሻና የፖስታ ኮድ ሙሉ መዝገብ አብረው ሸጡት። በ2014 የፓርላማው ኮሚቴ ስህተት ነበር ብሏል። አምቡላንሱም፣ ባንኩም፣ የካርታ ሠሪውም፣ ተወዳዳሪ አድራሹም የሚጠቀምበት መዝገብ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከመሸጡ በፊት ተለይቶ በሕዝብ እጅ መቅረት አለበት።

ስለ ትልልቅ ደንበኞችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፖስታዎች ከደብዳቤ ወደ ጥቅል ዕቃ ሲዞሩ ብዙ ጊዜ አንድ ግዙፍ የኢንተርኔት ሻጭ ላይ ይንጠለጠላሉ። አማዞን በ2013 የገና ሰሞን በአድራሾች መዘግየት ከተቸገረ በኋላ የራሱን ማድረሻ መረብ ገነባ። ሥራው የሚበዛበትን ከተማ ለራሱ ማስቀረት፣ ሩቁንና አስቸጋሪውን ለፖስታው መተው ይችላል። ውሉ ሲጻፍ ዋጋው እንደ ቦታው ወጪ ካልሆነ ለፖስታው የሚቀረው ኪሳራ የሆነው በር ብቻ ነው። በርካታ ትናንሽ ላኪዎች ያሉት ፖስታ በአንድ ትልቅ ላኪ ከቆመው ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ጥያቄዎ ውስጥ ያላነሱት ሠራተኞቹን ነው። ሥራው ሲቀየር ፖስተኛው ጥቅል ዕቃ አድራሽ፣ የመስኮት ሠራተኛው የገንዘብና የሰነድ ባለሙያ ይሆናል። ይህ ሥልጠናና ጊዜ ይጠይቃል። በውድድሩ ውስጥ ደግሞ አንዱ ድርጅት ቋሚ ሠራተኛ ይዞ ጡረታ እየከፈለ፣ ሌላው በቁርጥ ክፍያ ሰው እያሠራ «ውድድር ነው» ከተባለ ሚዛኑ የተዛባ ነው። የጀርመኑ ጉዳይ ያሳየው ይህን ነበር። የሠራተኛ ሕጉ ለሁሉም አድራሾች እኩል ይሁን፤ ከዚያ በቅልጥፍና ይሽቀዳደሙ።

በአገርዎ ጉዳዩ ለሕዝብ ውይይት ከቀረበ ሄደው እነዚህን ይጠይቁ። ግዴታው በስንት ዓመት ይከለሳል? እኔ አምስት ዓመት በቂ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ካጠረ ድርጅቱ ማቀድ አይችልም፣ ከረዘመ ገበያው ይቀድመዋል። የግዴታው ዋጋ በየዓመቱ ይታተማል ወይ? ቅርንጫፍ ከመዘጋቱ በፊት በአካባቢው ሌላ ገንዘብ ማውጫ መኖሩ ይጣራል ወይ? የግል አድራሾች በፖስታ ቤቱ ቅርንጫፍና ሳጥን ከፍለው መጠቀም ይፈቀድላቸዋል ወይ? የአድራሻ መዝገቡ የማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ከሌለ ስለ ሽያጩም ስለ መዝጋቱም ድምፅ ለመስጠት ገና ነው።